የሰፈር ቁጥር ለብሶ የሚደውል ባዳ

እናቴ ስልክ ጠርቶ ሳታነሳ ማለፍ አይሆንላትም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ጆሮዋ ግን አሁንም አገር ቤት ነው። ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ ምን ተሰማ። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን።

አንድ እሑድ ቡና እየተፈላ ስልኳ ጠራ። መነጽሯን አድርጋ አየችውና «301 ነው፤ የሰፈር ሰው ነው» ብላ አነሳች። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አንዲት ሴት በፈጣን እንግሊዝኛ ስለ መኪናዋ ዋራንቲ ማውራት ጀመረች። እናቴ መኪና የላትም። መንጃ ፈቃድም የላትም። «ማን ልበል?» አለች ደግማ። ሴትየዋ ወሬዋን አላቋረጠችም። «ውይ፣ ይቺ ልጅ ጆሮ የላትም እንዴ?» አለችኝ ስልኩን እያቀበለችኝ። ጆሮማ የላትም። የተቀዳ ድምፅ ነው።

ቁጥሩን አየሁት። የእናቴ ቁጥር 301-555-0142 ነው እንበል። (ለምሳሌ ነው፤ እውነተኛውን አላወጣባትም።) የደወለው ደግሞ 301-555-0187። ኤሪያ ኮዱ አንድ ነው። ቀጥሎ ያሉት ሦስት አሃዞችም አንድ ናቸው። የሚለያዩት መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። «ኔይበር ስፑፊንግ» የሚሉት ነገር ነው፤ የጎረቤት ቁጥር ለብሶ መደወል።

ከዚያን ቀን በኋላ የእሷንም የጓደኞቿንም ስልክ እየተቀበልኩ ሳስተካክል ከረምኩ። ያደረግሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የምጽፈው አሜሪካ ላላችሁ ነው። ሕጎቹም የስልክ ካምፓኒዎቹም የዚያው ናቸው፤ ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት፦ ቁጥሩ ምስክር አይደለም

በር ተንኳኩቶ «ማነው?» ስትሉ «ጎረቤት ነኝ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። በሩን ሳትከፍቱ ጎረቤት ይሁን ሌባ አታውቁም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥርም እንደዚያ ነው፤ ደዋዩ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ነው። በኢንተርኔት መስመር የሚደውል ሰው የሚጠቀምበት ሶፍትዌር የደዋዩን ቁጥር ራሱ እንዲሞላ ይፈቅድለታል። ባሕር ማዶ ተቀምጦ 301 ብሎ ቢሞላ፣ እናቴ ስክሪን ላይ የሚወጣው 301 ነው።

ቁጥር መቀየር ሁሌ ጥፋት አይደለም። ሐኪማችሁ ከግል ሞባይሉ ደውሎ የክሊኒኩ ቁጥር ቢወጣላችሁ ሕጋዊ ነው። ሕገ ወጥ የሚሆነው ለማጭበርበር፣ ሰው ለመጉዳት ወይም የማይገባን ጥቅም ለማግኘት ሲደረግ ነው። በ2010 መጨረሻ የተፈረመው ሕግ ለአንድ ጥፋት እስከ 10,000 ዶላር ያስቀጣል። በ2018 የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ማለትም ኤፍሲሲ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ሰው ላይ የ120 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጥሎ ነበር። ሰውዬው በ2016 መጨረሻ በሦስት ወር ውስጥ 96 ሚሊዮን ጥሪ አስደውሏል። ዘዴው ይኸው የእናቴ ዓይነት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰፈር ቁጥር እያስመሰሉ የሽርሽር ጥቅል መሸጥ።

«ታዲያ የስልክ ካምፓኒዎቹ ዝም ብለው ያያሉ?» ትሉ ይሆናል። አያዩም። በዲሴምበር 2019 «ትሬስድ አክት» የተባለ ሕግ ወጣ። በእሱ መሠረት ትልልቆቹ ካምፓኒዎች እስከ ጁን 30፣ 2021 ድረስ «ስተር ሼክን» የሚባል የፊርማ አሠራር እንዲያስገቡ ተገደዱ። ጥሪው የሚነሳበት ካምፓኒ ጥሪው ላይ ይፈርማል፤ ፊርማው ሦስት ደረጃ አለው። «ኤ» ማለት «ደንበኛዬን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩም የእሱ ነው»። «ቢ» ማለት «ደንበኛውን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩን ግን እንጃ»። «ሲ» ማለት ደግሞ «እኔም ከሌላ ነው የተቀበልኩት፤ አትጠይቁኝ»። ፊርማው ሲረጋገጥ አንዳንድ ስልኮች ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ትንሽ የራይት ምልክት ታያላችሁ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። በድሮው የመዳብ መስመር የሚያልፍ ጥሪ ፊርማውን መንገድ ላይ ይጥለዋል። ደግሞም ምልክቱ የሚለው «ቁጥሩ የተሰረቀ አይደለም» ብቻ ነው። ጨዋ ነው አይልም። አጭበርባሪም የራሱን ሕጋዊ ቁጥር ገዝቶ በራይት ምልክት ሊደውል ይችላል።

1. አታንሱ፤ ግን ቮይስ ሜይላችሁ ይሥራ

በስም ያልመዘገባችሁትን ቁጥር አታንሱ። የምር የፈለጋችሁ ሰው መልእክት ይተዋል። ምክሩ ይኸው ነው፤ ፈረንጅ ሁሉ የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ለእኛ ግን አንድ ችግር አለው። ሐበሻ ቮይስ ሜይል አይተውም። «ድምፅዎን ያስቀምጡ» ሲባል ይዘጋል፤ ከዚያ መልሶ አምስቴ ይደውላል።

ስለዚህ ሥራው ከዘመድ ይጀምራል። እኔ ለአክስቶቼ ሁሉ በቴሌግራም እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «እማዬ ስልክ ካላነሳች ስሟን ጠርታችሁ ‹እገሊት ነኝ› ብቻ በሉ። ካልሆነ በቴሌግራም ጻፉ።» ሁለቷ ተቆጡ። አሁን ለምደውታል።

ቮይስ ሜይሉ የሞላ ወይም ጭራሽ ያልተከፈተ ሰው በጣም ብዙ ነው። ወደ ራሳችሁ ስልክ ከሌላ ስልክ ደውላችሁ ሞክሩት። ስትሞክሩም ፒን አድርጉለት። ምክንያቱም ፒን የሌለው ቮይስ ሜይል ከራሱ ቁጥር ሲደወልለት ባለቤቱ መስሎት ሊከፍት ይችላል። የእናንተን ቁጥር አስመስሎ የደወለ ሰው ገብቶ መልእክታችሁን ይሰማል ማለት ነው።

ስለ አገር ቤት ጥሪም ላንሳ። ከኢትዮጵያ የሚደወል ስልክ በመደመር ምልክት ተጀምሮ +251 ብሎ ነው የሚገባው። 251 ግን አሜሪካ ውስጥም ኤሪያ ኮድ ነው፤ አላባማ ውስጥ ሞቢል የምትባለው ከተማና አካባቢዋ። ስለዚህ +1 ብሎ፣ ወይም ያለ ምንም መደመር በቅንፍ 251 ብሎ የሚገባው ከአላባማ እንጂ ከአዲስ አበባ አይደለም። የእናቴ ጓደኛ በዚህ ስንት ጊዜ ልቧ ደንግጧል! በኮሊንግ ካርድ ወይም በኢንተርኔት መስመር የሚደውል ዘመድ ደግሞ አንዳንዴ ፍጹም ባዕድ ቁጥር ይዞ ይገባል። ለዚህ ነው መልእክት መተው የሚያስፈልገው።

አንዴ ብቻ ጠርቶ የሚዘጋውን ደግሞ መልሳችሁ አትደውሉ። 473 ግሬናዳ ነው፣ 876 ጃማይካ ነው፣ 809 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው። ሲያዩዋቸው የአሜሪካ ከተማ ኮድ ይመስላሉ። መልሶ የደወለ ሰው የውጭ አገር ሒሳብ ይቆጠርበታል።

2. ካነሳችሁት

ተነስቶ ያውቃል። የምትጠብቁት የሐኪም ጥሪ ይኖራል ወይም እጃችሁ ቀድሟችኋል።

«ሃሎ» ካላችሁ በኋላ አንድ ሁለት ሴኮንድ ጸጥ ካለ፣ ከዚያ ጠቅ የምትል ድምፅና የሰው ጫጫታ ከተከተለ፣ በቃ ዝጉት። ማሽን ብዙ ቁጥር በአንዴ ይደውልና የሚያነሳ ሲገኝ ነው ወደ ሻጭ የሚያዞረው። ያቺ ጸጥታ ማሽኑ ሰው ሲፈልግ ነው።

«ከዝርዝሩ ለመውጣት 2ን ይጫኑ» ቢል አትጫኑ። የሚያረጋግጥላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ቁጥር ሰው አለው፣ ሰውየውም ያዳምጣል። ነገ ጥሪው ይበዛል። «ይሰማዎታል?» ብሎ ለጀመረም «የስ» ብሎ አለመመለስ ይሻላል፤ ድምፁን ቀርጾ በኋላ «እሺ ብለው ነበር» ሊል ይችላልና።

እኛ ሰው ፊት ስልክ መዝጋት ነውር ይመስለናል። እናቴ «እንዴት ሰው እያወራ ይዘጋበታል?» ትል ነበር። «እማዬ፣ ሰው አይደለም፣ ቴፕ ነው» ስላት ነው የተዋጠላት። ሰው ቢሆንስ? ሳያስፈቅድ ቤትሽ የገባው እሱ ነው።

የሚያወራው እውነተኛ ሰው፣ የሚሸጠውም እውነተኛ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከመዝጋት በፊት አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። እናቴ ፍሪጅ ላይ በአማርኛ ፊደል ለጥፌላታለሁ፦

«ፕሊዝ ፑት ሚ ኦን ዮር ዱ ኖት ኮል ሊስት። ባይ።»

ሕጋዊ ሻጭ ይህን ከሰማ ቁጥራችሁን በራሱ የአትደውል መዝገብ ላይ ማስፈር ግዴታው ነው። ስሙንና የካምፓኒውን ስም መናገርም ግዴታው ነው። ስጠይቀው የሚንተባተብ ወይም የሚሳደብ ከሆነ ማን እንደሆነ በራሱ አፍ ነገረኝ ማለት ነው። ከእሱ ጋር መከራከር፣ መሳደብ፣ ወይም እንደ ዩቲዩበሮቹ ማሾፍ ጊዜ ማቃጠል ነው። ቡናውም ይቀዘቅዛል።

3. ስልኩን ራሱን ዘበኛ አድርጉት

ቁጥሩን አንድ በአንድ ብሎክ ማድረግ አያዋጣም። ነገ በሌላ ቁጥር ይመጣል። እንዲያውም ብሎክ ያደረጋችሁት ምንም የማያውቀውን የቁጥሩን እውነተኛ ባለቤት ነው። ሰፈራችሁ ያለ ሰው ቢሆንስ? የሕንጻው ዘበኛ፣ የልጃችሁ አስተማሪ?

የሚጠቅመው በጅምላ ማጣራት ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግስ ግቡ፣ «ፎን» የሚለውን ክፈቱ። (በአዲሶቹ ላይ «አፕስ» ውስጥ ነው ያለው።) እዚያ «ሳይለንስ አንኖውን ኮለርስ» የሚል ታገኛላችሁ፤ በአዲሱ ሶፍትዌር ላይ «ስክሪን አንኖውን ኮለርስ» ሥር «ሳይለንስ» የሚለው ነው። ሲበራ፣ ያልተመዘገበ ቁጥር ሳይጮህ ቀጥታ ወደ ቮይስ ሜይል ይሄዳል። የተመዘገቡትና እናንተ ራሳችሁ በቅርቡ የደወላችሁላቸው ግን ይጠራሉ። 911 ከደወላችሁ ለ24 ሰዓት ራሱ ይጠፋል፤ መልሰው ቢደውሉላችሁ እንዲገባ ነው። በጣም አዲሶቹ አይፎኖችና የጉግል ፒክስል ስልኮች ደግሞ ደዋዩን «ማነህ? ለምን ደወልክ?» ብለው ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ያሳያሉ። የእናቴን «ማን ልበል?» ስልኩ ይልላታል።

ሳምሰንግ ላይ ስልክ የምትደውሉበትን ክፈቱ፣ ሦስቱን ነጥብ ንኩ፣ ሴቲንግስ ግቡ፣ «ኮለር አይዲ ኤንድ ስፓም ፕሮቴክሽን» የሚለውን አብሩ። በሌሎቹ አንድሮይዶች ላይም ተመሳሳይ ነው፤ «ስፓም» የሚለውን ቃል ፈልጉ።

ይህን ከማብራታችሁ በፊት ግን አንድ አሰልቺ ሥራ አለ። ኮንታክት መሙላት። ከእናቴ ጋር አንድ ከሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለን ነው የሠራነው። ክሊኒኩ፣ ፋርማሲው፣ የአፓርታማው ቢሮ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የዕድሩ ጸሐፊ፣ ሜትሮአክሰስ የሚያመጣላት መኪና፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤቷ። የቀጠሮ ካርዶቿ ሁሉ ከቦርሳዋ ወጡ፤ አንዳንዱ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረ። ልጅ ያላችሁ የትምህርት ቤቱን ቁጥርና የነርሷን ቁጥር ለየብቻ መዝግቡ። ካልመዘገባችሁ ልጁ ቢያተኩሰው የሚደውሉት ቮይስ ሜይል ላይ ነው።

ኡበርና ሊፍት ለምትነዱ፣ ዕቃ ለምታደርሱ ደግሞ ይህ መንገድ በሥራ ሰዓት አይሆንም። ተሳፋሪው የሚደውለው አፑ በሚሰጠው ጭምብል ቁጥር ነው፤ አታውቁትም። ሥራ ስትጀምሩ አጥፉት፣ ስትጨርሱ አብሩት። ለሥራ የተለየ ርካሽ መስመር የያዙ ሾፌሮችም አውቃለሁ፤ አቅሙ ካለ ጥሩ ነው።

4. የስልክ ካምፓኒያችሁን ተጠቀሙበት

በነጻ የሚሰጡትን ብዙ ሰው አያውቅም። ቲ-ሞባይል «ስካም ሺልድ» አለው፤ ከስልካችሁ #662# ብትደውሉ አጭበርባሪ ተብሎ የተጠረጠረው ጥሪ ሳይደርሳችሁ ይታገዳል። ኤቲ ኤንድ ቲ «አክቲቭ አርመር» የሚባል አፕ አለው። ቬራይዘን ደግሞ «ኮል ፊልተር»። ሁሉም የሚከፈልበት ተጨማሪ ሊሸጡላችሁ ይሞክራሉ። ነጻው ይበቃል። በሌላ ትንሽ ካምፓኒ ከሆናችሁ ደውላችሁ «ስፓም ብሎኪንግ አላችሁ?» በሉ።

5. «ዱ ኖት ኮል» መዝገብ፦ ተመዝገቡ፣ ተአምር አትጠብቁ

ከ2003 ጀምሮ ያለ የመንግሥት መዝገብ ነው። የሚያስተዳድረው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ፣ ነው። ከ250 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ተመዝግቦበታል። ለመመዝገብ ከዚያው ከምታስመዘግቡት ስልክ 1-888-382-1222 ትደውላላችሁ፤ ያልቃል። በኢንተርኔት ከሆነ ዶኖትኮል ዶት ጎቭ ላይ ቁጥሩንና ኢሜይላችሁን ታስገባላችሁ፤ የሚላክላችሁን ሊንክ በ72 ሰዓት ውስጥ መንካት አለባችሁ። ብዙ ሰው ሊንኩን ይረሳና «ተመዝግቤያለሁ» ይላል። ምዝገባው አያልቅበትም፤ በየዓመቱ ማደስ የለም። ክፍያም የለም። «እኔ ላስመዝግብዎ» ብሎ የሚደውል ካለ ሌባ ነው፤ ኤፍቲሲ ለዚህ ብሎ ሰው ጋ አይደውልም።

ከ31 ቀን በኋላ ሕግ አክባሪ ሻጮች መደወል ያቆማሉ። ፖለቲከኛ፣ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢና ዕዳ ጠያቂ ግን ሕጉ አይከለክላቸውም። በቅርቡ ዕቃ የገዛችሁበት ካምፓኒም ለ18 ወር መደወል ይችላል፤ «አትደውሉልኝ» ካላላችሁት በቀር።

ቁጥር እያስመሰለ የሚደውለውስ? እሱ መዝገቡን ዞሮም አያይ። ታዲያ ምን ጥቅም አለው? ማጥለያ ነው። ተመዝግባችሁ ወር ካለፈ በኋላ ያለ ፈቃዳችሁ ዕቃ ሊሸጥላችሁ የሚደውል በቴፕ የተቀዳ ድምፅ ካለ፣ ሕግ የጣሰ መሆኑን ሳይናገር ታውቁታላችሁ። ከጠዋቱ 8 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 9 ሰዓት በኋላ በፈረንጅ ሰዓት የሚደውል ሻጭም እንዲሁ።

6. «ቁጥሩን ጉግል አድርገው» ሲሏችሁ

ይህ ከዋራንቲው የከፋ ነው። አንዱ «ከኢሚግሬሽን ነው የምደውለው፤ ካላመንክ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ እየው» ይላል። ታያላችሁ። በእውነትም የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ነው! የሰፈር ቁጥር ማስመሰል የቻለ የመሥሪያ ቤት ቁጥርም ያስመስላላ። የሶሻል ሴኩሪቲ፣ የሜዲኬር፣ የፖሊስ ጣቢያ፣ የባንካችሁ፣ ሁሉም ይሆንለታል።

ማድረግ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው። ዝጉ። ከዚያ እናንተ ደውሉ። የባንኩን ቁጥር ከካርዳችሁ ጀርባ፣ የመሥሪያ ቤቱን ከተላከላችሁ ደብዳቤ ላይ ውሰዱ። ደዋዩ የሰጣችሁን ቁጥር አይደለም፤ «ሪሴንትስ» ውስጥ ያለውንም አትንኩ። እናንተ ራሳችሁ ስትደውሉ ጥሪው የሚደርሰው እውነተኛው ባለቤት ጋ ነው። ቁጥር የሚያስመስል ሰው የሚያስመስለው ሲደውል ብቻ ነው፤ ሲደወልለት መቀበል አይችልም።

ኢሚግሬሽን በስልክ ገንዘብ አይጠይቅም። በጊፍት ካርድ ግብር የሚቀበል መንግሥት የለም። «ለማንም እንዳትነግር፣ ስልኩን እንዳትዘጋ» ካለ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የድምፅ ነገርም መጥቷል። በጃንዋሪ 2024 ኒው ሃምፕሺር ውስጥ የወቅቱን ፕሬዚዳንት የጆ ባይደንን ድምፅ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያስመሰለ ጥሪ ለመራጮች ተላከ፤ የወጣው ቁጥርም የሌላ ሰው ነበር። በሚቀጥለው ወር ኤፍሲሲ እንዲህ ባለ ድምፅ የሚደረግ ሮቦኮል (በማሽን የሚደወል ጥሪ) በነባሩ ሕግ የተከለከለ መሆኑን አወጀ። የፕሬዚዳንት ድምፅ ከተቀዳ የልጃችሁም ይቀዳል። «እማዬ፣ ታሰርኩ፣ ብር ላኪ» ብሎ በልጃችሁ ቁጥር፣ በልጃችሁ ድምፅ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ እኛ ቤት የምስጢር ቃል አለን። ፌስቡክ ላይ የሌለ ነገር ምረጡ። የእኛ አያቴ ገጠር የነበረቻት ላም ስም ነው። አልነግራችሁም።

7. የእናንተን ቁጥር ሲለብሱት

አንድ ቀን እናቴ ጋ አንድ ሰውዬ ደውሎ ጮኸባት። «ለምን ደጋግመሽ ትደውያለሽ?» እያለ። እሷ ያን ቀን የደወለችው ለእኔ ብቻ ነው። ደንግጣ ስልኩን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰውየው ስክሪን ላይ የወጣው የእሷ ቁጥር ነበር። ስልኳ አልተጠለፈም፤ ማንም ውስጡ አልገባም። ቁጥሯን ብቻ ነው የተዋሱት። ቁጥር ለመቀየር አትቸኩሉ። አጭበርባሪዎቹ ቶሎ ቶሎ ቁጥር ስለሚለዋውጡ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይተዉታል። እስከዚያ የማታውቁትን አታንሱ፤ ቮይስ ሜይላችሁ ላይ «በዚህ ቁጥር ሌሎች እያስመሰሉ እየደወሉ ነው፤ እኔ አይደለሁም» የሚል መልእክት ቅዱ። ተቆጥቶ የደወለላችሁንም በትሕትና ንገሩት፤ እሱም እንደናንተው የተታለለ ነው።

ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ ትንሽ ጠንከር በሉ። ቁጥራችሁ በዚህ ምክንያት ደንበኛ ስልክ ላይ «ስካም ላይክሊ» ተብሎ መውጣት ሊጀምር ይችላል። ለስልክ ካምፓኒያችሁ አሳውቁና ምልክቱ እንዲነሳ በጽሑፍ ጠይቁ።

8. ሪፖርት አድርጉ

«ምን ያመጣል?» የሚል ብዙ ነው። ኤፍቲሲ በደረሰው ቅሬታ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች በየሥራ ቀኑ ያወጣል፤ ጥሪ የሚያግዱት ካምፓኒዎች ያንን ይጠቀሙበታል። ገንዘብ ካልወሰዱባችሁ ዶኖትኮል ዶት ጎቭ ላይ፣ ከወሰዱባችሁ ሪፖርትፍሮድ ዶት ኤፍቲሲ ዶት ጎቭ ላይ አስገቡ። ቁጥር ማስመሰሉን ለይታችሁ ለማመልከት ኤፍሲሲ ድረ ገጽ ላይ ፎርም አለ። በቴክስት ለመጣ ስካም ደግሞ መልእክቱን ወደ 7726 ላኩት።

የሚጠይቋችሁ ቀን፣ ሰዓት፣ የታየው ቁጥር፣ ሰው ይሁን ቴፕ፣ ምን ሊሸጥ እንደነበር ነው። የካምፓኒ ስም ወይም «መልሰው ይደውሉበት» ተብሎ የተሰጠ ቁጥር ካለ ያ ወርቅ ነው፤ የሚታየው ቁጥር ውሸት ቢሆንም ያኛው ብዙ ጊዜ የሚያነሳ ሰው አለው።

ሕጉ ለግለሰብም መክሰስ ይፈቅዳል። ከ1991 ጀምሮ ያለው የስልክ ደንበኞች ጥበቃ ሕግ ለአንድ ሕገ ወጥ ጥሪ 500 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከተደረገ እስከ 1,500 ዶላር ያስከፍላል። ማንን ነው የምከሰው የሚለው ነው ጣጣው። ከጀርባው አሜሪካ ውስጥ ያለ ካምፓኒ መኖሩን ካረጋገጣችሁ ግን ጠበቃ ማናገር አያስቆጭም።

እናቴ ፍሪጅ ላይ ከዐረፍተ ነገሩ ሥር አንድ ደብተር በክር አንጠልጥያለሁ። ቀንና ቁጥር ትጽፍበታለች። በአማርኛ ነው፤ «ማክሰኞ፣ ከቡና በፊት፣ 301፣ ያቺው ጆሮ የሌላት ሴትዮ»። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ አስገባላታለሁ።